የ120 ፊልም ኔጋቲቭ በርካሽ ስካነር፦ ደሴ ላይ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ

አጎቴ ፒያሳ አካባቢ ፎቶ ቤት ነበረው። ፎቶ ቤቱ ሲዘጋ ለእኔ የደረሰኝ ሦስት የብስኩት ቆርቆሮ ሙሉ ኔጋቲቭ ነው። እሱን ኮምፒዩተር ውስጥ ለማስገባት ስደናበር ሁለት ስካነር ገዛሁ። አንዱ ዛሬ የመታወቂያ ኮፒ ነው የሚሠራው፣ ሥራውን የሠራልኝ ሁለተኛው ነው። ወሬው ከተሰማ ወዲህ ከቧንቧ ውሃም ከሆጤም ከኮምቦልቻም እየደወላችሁ "የአባቴ ኔጋቲቭ አለ፣ ምን ስካነር ልግዛ?" ትሉኛላችሁ። መልሱ ያው ስለሆነ አንዴ ልጻፈውና እፎይ ልበል።

ቤት ያለው ኔጋቲቭ ሚዲየም ፎርማት መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ማስመሪያ አምጡ። ፊልሙ ከዳር እስከ ዳር ስድስት ሴንቲ ሜትር አካባቢ ከሆነና ጠርዙ ላይ የተደረደሩ ቀዳዳዎች ከሌሉት 120 የሚባለው ነው፣ ሚዲየም ፎርማት የሚሉት እሱን ነው። ቀዳዳ ያለውና ጠበብ ያለው 35 ሚሊ ሜትር ነው። 120 አዲስ ነገር አይደለም፣ ኮዳክ በፈረንጆቹ 1901 ያወጣው ነው፤ ዛሬም ይመረታል።

የምስሉ መጠን እንደ ካሜራው ይለያያል። ያ ደረት ላይ አንጠልጥለው ከላይ ወደ ታች እያዩ የሚያነሱበት ባለሁለት ዓይን ካሜራ፣ ያሺካ ይሁን ሮለይፍሌክስ፣ ካሬ ምስል ነው የሚያወጣው። ስሙ "6 በ6" ይባል እንጂ ሲለካ 56 በ56 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከአንድ ጥቅል 12 ፎቶ ይወጣል። 6 በ4.5 ከሆነ 16፣ 6 በ9 ከሆነ ደግሞ 8 ብቻ። የድሮ ፎቶ ቤቶች ብዙ ጊዜ እየቆራረጡ ነው የሚያስቀምጡት፣ ስለዚህ አንድ አንድ ፍሬ ሆኖ ብታገኙት አትደንግጡ። እንዲያውም ነጠላው ለመያዝ ያስቸግራል፣ እሱን ታች እመጣበታለሁ።

ቢሮ ያለው ስካነር ለምን አይሆንም? እሱም እኮ ስካነር ነው።

አይሆንም። ኔጋቲቩን ጠረጴዛ ላይ አድርጋችሁ እዩት፣ ጥቁር ቁራጭ ነው። መስኮት ላይ አንሱት፣ ሰው ብቅ ይላል። የቢሮ ስካነር ከታች አብርቶ ወረቀቱ መልሶ የሚልከውን ብርሃን ነው የሚያነበው። ፊልም ደግሞ ብርሃኑ ከጀርባው ገብቶ በውስጡ ማለፍ አለበት። ስለዚህ ክዳኑ ውስጥ ሁለተኛ መብራት ያለው ስካነር ያስፈልጋል። ስሙ ትራንስፓረንሲ ዩኒት ይባላል።

የመጀመሪያውን ስካነሬን የገዛሁት አዲስ አበባ ነው። ሻጩ "ፊልምም ያነባል" አለኝ፣ እኔም ክዳኑን እንኳ ሳልከፍት አምኜው ከፈልኩና ተሸክሜው 400 ኪሎ ሜትር መጣሁ። ማታ ደሴ ገብቼ፣ እራት ሳልበላ፣ የመጀመሪያውን ኔጋቲቭ አስገባሁ። የወጣው ጥቁር ካሬ ነው። ብሩህነቱን ጨመርኩ፣ ግራጫ ካሬ ሆነ። እናቴ አየችውና "ይሄ ማነው?" አለችኝ።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ክዳኑን ክፈቱ። ነጩን ንጣፍ አውጡት፣ በብዙዎቹ ላይ ተንሸራቶ ይወጣል። ከስሩ ረጅም የመስታወት መስኮት ካለ መብራት አለው። ከዚያ መስኮቱን ለኩት። ስፋቱ ከስድስት ሴንቲ ሜትር ካነሰ ለ35 ሚሊ ሜትር ብቻ የተሠራ ነው፣ የእናንተን ፎቶ ግማሹን ብቻ ነው የሚያሳያችሁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ "ፊልም ያነባል" መባሉ እውነት ነው፣ የትኛውን ፊልም የሚለውን ማንም አይነግራችሁም።

እሺ፣ ስም ጥራ። የትኛውን ልግዛ?

ገንዘብ ለሌለው ሰው የእኔ ምርጫ ኤፕሰን ፐርፌክሽን ቪ600 ነው። ካልተገኘ ታናናሾቹ ቪ550 እና ቪ500። የሦስቱም መብራት 120 ፊልምን ይሸፍናል፣ መያዣቸውም እስከ 22 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ቁራጭ ይቀበላል። ከካኖን በኩል ካኖስካን 8800ኤፍ፣ 9000ኤፍ እና 9000ኤፍ ማርክ 2 ጥሩ ናቸው። በእነዚህ መካከል ያለው የጥራት ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ ስለዚህ ዓርማውን ትታችሁ ንጹሕና ዕቃው ያልጎደለውን ውሰዱ። ያረጀ ግን ጤነኛ ኤፕሰን 4490 ወይም 4990 በርካሽ ካጋጠማችሁም አትለፉት።

የማይሆኑትንም ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም በብዛት የሚቀርቡላችሁ እነሱ ናቸው። ኤፕሰን ቪ39 የክዳን መብራት የለውም። ቪ370 መብራት አለው፣ ግን ለ35 ብቻ ነው። ካኖን ላይድ 300 እና 400 ቀጫጭኖቹ ናቸው፣ ለወረቀት ሸጋ፣ ለፊልም ዜሮ። እንደ ጠቅላላ ምልክት፦ ክዳኑ እንደ ጋዜጣ ከቀለለ እርሱት። የፊልም ስካነር ክዳን ወፍራም ነው፣ ከክዳኑም ወደ ሰውነቱ የሚሄድ የራሱ ገመድ አለው።

ካርቶኑ ላይ 6400 ዲፒአይ ይላል፣ ሌላው 9600። ትልቁን ልውሰድ?

ኧረ በፍጹም። ይህ ቁጥር ስካነሩ በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት ነጥብ እንደሚያነብ እንጂ ሌንሱ ምን ያህል አጥርቶ እንደሚያይ አይናገርም። ቪ600 ካርቶኑ ላይ 6400 ተጽፎበታል፣ በሙከራ የለኩት ሰዎች ግን ያገኙት 1,600 አካባቢ ነው። 9600 የተባለውም ከዚያ ብዙም አይርቅም።

1,600 ታዲያ ያንሳል? ለ35 ሚሊ ሜትር አዎ፣ ያንሳል። ለ120 ግን አብሽሩ። 56 ሚሊ ሜትር በ1,600 ሲነበብ በየጎኑ 3,500 ነጥብ አካባቢ ይሆናል፣ 12 ሜጋፒክስል ማለት ነው። በ300 ዲፒአይ ብታሳትሙት 30 በ30 ሴንቲ ሜትር ጥርት ያለ ፎቶ ይወጣል። ሳሎን ግድግዳ ላይ የሚሰቀል እኮ ነው። ርካሽ ስካነር ለትልቅ ፊልም ይበቃል የምለው ለዚህ ነው፤ ፊልሙ ራሱ ትልቅ ስለሆነ የስካነሩን ድክመት ይሸከምለታል።

ምን ያህል እንደሚታይ በምሳሌ። አጎቴ ፎቶ ቤት ለሚመጣ ሰው ኮትና የእጅ ሰዓት ያውስ ነበር፣ ያን ጊዜ የተለመደ ነው። ኮቱን በትንሹም ፎቶ ላይ ታውቁታላችሁ፣ አንዱ ላይ ይጠብባል፣ አንዱ ላይ እጅጌው ጣት ይሸፍናል። ሰዓቱን ግን ያየሁት ስካን ካደረግሁ በኋላ ነው። አሳድጌ ሳየው አራት ከሩብ ይላል። የሚቀጥለው ሰውዬም አራት ከሩብ። ሙሽራውም አራት ከሩብ። ለካ የማይሠራ ሰዓት ነው! ይህን ያሳየኝ ያው ርካሹ ስካነር ነው።

እኔ 2400 ላይ አስቀምጬ ነው የማነበው። ትንሽ ትርፍ ቢኖረው አይከፋም፣ ሲቀነስ ይጠራል። ጥቁርና ነጭ በ16 ቢት፣ ማለትም ግራጫው በብዙ ደረጃ ተለይቶ፣ አንዱ ካሬ 56 ሜጋባይት አካባቢ ይሆናል። በ6400 ባለቀለም ብታነቡት ደግሞ አንዱ ፎቶ ብቻ ከአንድ ጊጋባይት ያልፋል፤ ላፕቶፑ ይንተከተካል፣ እናንተ ቡና አፍልታችሁ ትጠጣላችሁ፣ ዝርዝሩ ግን ያው ነው።

ቪ700 ወይም ቪ850 ብገዛስ?

ካላችሁ ግዙ። የተለካ ጥራታቸው 2,300 አካባቢ ነው፣ የመያዣው ከፍታ ይስተካከላል፣ ብዙ ቁራጭ አንዴ ይገባል። ግን ቪ850 አዲሱ ከ1,000 ዶላር በላይ ሲሸጥ የኖረ ዕቃ ነው፣ ቪ600 የዚያን ሲሶ ያህል ነው። የአባታችሁን ሠላሳ ኔጋቲቭ ለማንበብ ከሆነ ትርፉ ለኅትመትና ለአልበም ይዋል።

ያገለገለ ልገዛ ነው። ምን ልይ?

እዚህ ጋ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ፣ ገንዘብ የሚበላው እዚህ ነው። ደሴ ላይ ሱቅ ገብታችሁ ቪ600 አታገኙም። ወይ አዲስ አበባ የቢሮ ዕቃ ሲሸጥ ታገኛላችሁ፣ ወይ ከዱባይ ወይ ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ይመጣል። በሁለቱም መንገድ መልሶ መለወጥ የሚባል ነገር የለም።

መጀመሪያ የፊልም መያዣው መኖሩን አረጋግጡ። ጥቁር ፕላስቲክ ነው፣ ባለ ክፍት መስኮት። ስካነሩን ለወረቀት ሲጠቀምበት የኖረ ቢሮ መያዣውን መጀመሪያ ቀን ነው የሚጥለው። ሁለት ዓይነት ይኖራል፣ አንዱ ለ35፣ አንዱ ለ120። ሻጩ "መያዣው አለ" ሲላችሁ ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ፣ ስድስት ሴንቲ ሜትር የሚሆነውን መስኮት በዓይናችሁ እዩ።

ሁለተኛ አዳፕተሩ። ጀርባው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ከ100 እስከ 240 ቮልት ካለ ምንም ችግር የለም። 120 ብቻ ካለ ከአሜሪካ የመጣ ነው፣ የእኛ 220 ያቃጥለዋል፤ ወይ በትራንስፎርመር ወይ መጠኑ ትክክል በሆነ ሌላ አዳፕተር ነው የሚሠራው። አዳፕተሩ ጠፍቶ "የላፕቶፕ ቻርጀር ይሆነዋል" የሚላችሁን አትስሙ።

ሦስተኛ መስታወቱ። ከላይ ያለው ጭረትና ቆሻሻ ይታያል፣ ችግሩ ከውስጥ ያለው ነው። ያረጀ ስካነር መስታወቱ ከስር ጭጋግ ይይዛል። በስልክ መብራት በአግድም አብሩበት። ቀጭን ጉም ከታየ ዋጋ አስቀንሱ፣ ምክንያቱም ተፈትቶ መጽዳት አለበት።

አራተኛ ሞክሩት። የወረቀት ሙከራ አይበቃም። ኔጋቲቭ ይዛችሁ ሂዱ፣ በክዳኑ መብራት አንዴ ይነበብ። ከላይ እስከ ታች የሚሄድ ቀጥ ያለ መስመር ምስሉ ላይ ከወጣ አብዛኛውን ጊዜ መስታወቱ ጫፍ ላይ ስካነሩ ራሱን የሚያስተካክልበት ቦታ ላይ ብናኝ አለ ማለት ነው፤ ጥረጉና ድገሙት። ከጽዳት በኋላም ካልጠፋ ተዉት።

በመኪና ስታስልኩት ደግሞ፣ ብዙዎቹ ጀርባቸው ወይም ሆዳቸው ላይ ማጓጓዣ ቁልፍ አላቸው፣ ውስጥ ያለውን ተንቀሳቃሽ ክፍል የሚያስር። እሱን ቆልፉት። የእኔ ሁለተኛው ስካነር ቁልፉ ተከፍቶ ነው የተላከልኝ፣ ጣርማ በርን አልፎ ደሴ እስኪደርስ ሲንገጫገጭ፣ ስከፍተው እንደ ጸናጽል ይንኳኳል። እግዚአብሔር ይመስገን ቀበቶው ብቻ ነበር የወጣው። ሲደርስ ደግሞ ቁልፉን ሳትፈቱ አታብሩት፣ ሞተሩ ይታገላል።

መያዣው የለም፣ ዕቃው ግን በጣም ረክሷል። ልውሰደው?

ውሰዱ። ጥቁር ወፍራም ካርቶን ቆርጦ መሥራት ይቻላል። ሁለት ነገር ብቻ ጠብቁ። አንደኛ፣ ስካነሩ ራሱን የሚያስተካክልበትን የመስታወት ጫፍ ካርቶኑ እንዳይሸፍነው፣ ከተሸፈነ መስመር ይሠራል ወይም ጭራሽ እምቢ ይላል። ሁለተኛ፣ ከፍታው። የእነዚህ ስካነሮች ፎከስ አይንቀሳቀስም፣ ፊልሙ ከመስታወቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ እንዲቀመጥ ተደርገው ነው የተሠሩት። ከካርቶኑ ስር የሞባይል ካርድ የሚያክል ቁራጭ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያደረጋችሁ ያንኑ ኔጋቲቭ አንብቡና አወዳድሩ። ዓይን ሽፋሽፍት የሚቆጠርበት ላይ አቁሙ። የፋብሪካ መያዣ ላላችሁም ይህን ሙከራ አንድ ከሰዓት ብታደርጉት አትቆጩም፣ የእኔ በሁለት ቁራጭ ነው የጠራው።

ነጠላ የተቆረጠውን ኔጋቲቭም በዚሁ ካርቶን ነው የምይዘው።

ምስሉ ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ክብ ክብ ወጣ። ተበላሸ?

አልተበላሸም። ክረምት ላይ እርጥብ አስፋልት ላይ ናፍጣ ሲፈስ የሚታየውን አስታውሱ፣ እሱ ነው። የኒውተን ቀለበት ይባላል። የፊልሙ ለስላሳ ፊት መስታወቱን ነክቷል። ፊልሙን ከመስታወቱ አንሱት። የግድ መስታወት ላይ ማስተኛት ካለባችሁ የደበዘዘውን ፊት ወደ ታች አድርጉና ምስሉን ኮምፒዩተር ላይ ግራና ቀኙን ገልብጡ። ፊልሙ ተጠቅልሎ አልዘረጋ ካለ በንጹሕ ወረቀት ጠቅልላችሁ ወፍራም መጽሐፍ ስር ጥቂት ቀን አሳድሩት።

አቧራውን "ዲጂታል አይስ" ያጠፋዋል አሉኝ። እውነት ነው?

ለባለቀለም ኔጋቲቭ አዎ፣ ግሩም ነው። ለድሮ ጥቁርና ነጭ ግን አጥፉት። ዲጂታል አይስ ስካነሩ ውስጥ ያለ አቧራ ማጥፊያ ነው፣ በዓይን በማይታይ ኢንፍራሬድ ብርሃን ነው የሚሠራው፤ የቀለም ፊልም ያን ብርሃን ያሳልፋል፣ አቧራ ይከለክላል፣ ስለዚህ የከለከለውን ሁሉ አቧራ ነው ብሎ ይሰርዛል። የጥቁርና ነጭ ፊልም ምስል ግን ብር ነው፣ ብር ደግሞ ራሱ ይከለክላል። ሰውየውን አቧራ ነው ብሎ ሊያጸዳው ይነሳል።

ስለዚህ ጽዳቱ በእጅ ነው። በእጅ የሚጨመቅ የጎማ መንፊያና ለስላሳ ብሩሽ። በአፍ እፍ አትበሉ፣ ምራቅ ይረጫል። በውኃ አትጥረጉ፣ በተለይ ሻጋታ የነካውን፤ ምስሉ ያለበት ንብርብር ተልጦ ጨርቁ ላይ ይቀራል። አንድ ምክር ደግሞ ከራሴ ቤት፦ ቡና በሚፈላበት ክፍል ስካን አታድርጉ። የከሰሉ አመድና የእጣኑ ጭስ መስታወቱ ላይ ነው የሚያርፈው። እናቴን ከሳሎን ማስወጣት ስላልቻልኩ እኔ ወጣሁ።

ሁሉም ነጥብ ግን ቆሻሻ አይደለም። የጉርድ ፎቶ ኔጋቲቭ ላይ ፊት አካባቢ ጥቃቅን የእርሳስ ጭረት ካያችሁ፣ ያ የፎቶ ቤቱ ባለሙያ የፊት መጨማደድ ለማለስለስ በእጁ የሠራው ነው። እኔ አልነካውም። የአጎቴ እጅ ነው።

ፕሮግራሙስ? አሮጌ ስካነር አዲስ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል?

ስካነሩን ከኮምፒዩተሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ ድራይቨር የሚባለው፣ አንዳንዱ አዲስ ዊንዶውስ ላይ እምቢ ይላል። ያኔ ቪውስካን የሚባለው ፕሮግራም ያድናችኋል፣ የተተዉ ስካነሮችን በብዛት ያውቃል፣ በነጻ ሞክራችሁ ዕቃውን ካወቀው በኋላ መግዛት ትችላላችሁ። ከኤፕሰን ጋር የሚመጣው ኤፕሰን ስካንም ይበቃል። "ፕሮፌሽናል" የሚለውን ክፈቱ፣ 16 ቢት ግራጫ ምረጡ፣ ጥራቱን በማይቀንሰው የፋይል ዓይነት በቲፍ አስቀምጡ፣ ማሳመሪያ የሚባለውን ሁሉ አጥፉ። ጄፔግ ለቴሌግራም ነው፣ መጨረሻ ላይ ከቲፉ ታወጡታላችሁ። ባለቀለም ኔጋቲቭ ብርቱካናማ ሽፋን ስላለው ቀለሙ አንዴ አይስተካከልም፣ ትዕግሥት ይፈልጋል።

መብራት ቢጠፋስ?

የተነበበው ፎቶ ይቀራል፣ በመነበብ ላይ ያለው ይጠፋል። ዩፒኤስ ካላችሁ ሸጋ፣ ከሌላችሁ እየቆጠባችሁ ሥሩ። መብራት ሲሄድ ግን ገመዱን ንቀሉት፣ ሲመለስ ገፍቶ ነው የሚመጣው።

ደሴና ኮምቦልቻ ለምትመላለሱ አንድ ነገር ልጨምር። ደሴ ብርድ ያደረ ስካነር ሃረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ወዲያው ቢከፈት መስታወቱ ላብ ሊይዝ ይችላል። ከእነካርቶኑ አንድ ሁለት ሰዓት ይቆይ።

በስልክ ባነሳውስ?

ማን ማን እንደሆነ ለመለየት ይበቃል። ታብሌት ላይ ነጭ ገጽ ክፈቱ፣ ኔጋቲቩን ከስክሪኑ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ያዙ፣ አለበለዚያ የስክሪኑ ነጥቦች አብረው ይወጣሉ። አንሱና ቀለሙን ገልብጡ። እንዲያውም ስካነር ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አድርጉ፣ ሣጥኑ ውስጥ ያለው የእናንተ ዘመድ ላይሆን ይችላል። ደህና ካሜራና ቅርብ የሚያነሳ ሌንስ ያለው ሰው ደግሞ ስካነር ጭራሽ አያስፈልገው ይሆናል።

ኔጋቲቩ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል።

ፊልሙ የተሠራበት አሲቴት የሚባለው ፕላስቲክ መፍረስ ጀምሯል። አይመለስም፣ ወደ ሌላውም ይዛመታል። ከጤነኛው ለዩትና መጀመሪያ እሱን አንብቡ፣ እየቆየ ይሸበሸባል።

ካነበብኩት በኋላ ልጣለው?

እንዴት ተደርጎ! ሀርድ ዲስክ ይሞታል። በወረቀት ፖስታ አድርጋችሁ፣ ከእርጥብ ግድግዳ አርቃችሁ አስቀምጡ። ፌስታል አይሁን፣ የደሴን ክረምት ታውቁታላችሁ።

አንተ ጋ ላምጣውና አንብብልኝ?

አንድ ጥቅል ከሆነ አምጡ፣ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። ቆርቆሮ ሙሉ ከሆነ ግን ስካነሩን ነው የማውሳችሁ። መያዣዎቹ ሁለት ናቸው፣ ቆጥሬ እሰጣለሁ፣ ቆጥሬ እቀበላለሁ።